የቤት ቢራ በርሜል አቀያየር፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ጠማቂዎች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

በቤቱ ቢራ ጠምቆ ከድራፍት ፍሪጅ የሚቀዳ ሰው ልፋቱ የሚፈተነው አንዱ በርሜል አልቆ ሌላው በሚተካበት ሰዓት ነው። ሳምንታት የተደከመበት ቢራ በዚያች አጭር ጊዜ አየር ገብቶበት ሊበላሽ፣ በአረፋ ሊባክን ወይም ወደ ጋዝ መስመሩ ተመልሶ ሬጉሌተሩን (ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደሩ የሚወጣውን ጋዝ ግፊት የሚቆጣጠረውን መሣሪያ) ከጥቅም ውጭ ሊያደርግ ይችላል። የመቀየሩ ሥራ ራሱ ከሩብ ሰዓት ብዙም አያልፍም፤ ሩብ ሰዓት የሚበቃው ግን ተተኪው በርሜል አስቀድሞ በቅዝቃዜም በግፊትም መስመሩ ላይ ካለው ጋር ተስተካክሎ ከጠበቀ ብቻ ነው። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ውስጥ ሰፊውን ቦታ የያዘው ከመቀየሩ በፊት የሚሠራው ሥራ ነው።

ኮምቦልቻ የቢራ ፋብሪካ ያለባት ከተማ በመሆኗ በአካባቢው የድራፍት በርሜል ያላየ ሰው ጥቂት ነው። በመጠጥ ቤቶች የሚታየው ትልቁ በርሜል ግን አንድ አፍ ብቻ ያለው፣ ጋዙም ቢራውም በአንድ ራስ የሚያልፉበት ነው። እዚህ የምንነጋገረው ቀድሞ ለለስላሳ መጠጥ ታስቦ ስለተሠራውና የቤት ጠማቂዎች ስለሚጠቀሙበት ባለ 19 ሊትር፣ ሁለት አፍ ያለው በርሜል ነው። ዘዴው ስለሚለያይ አንዱን በሌላው ልማድ መሥራት አይገባም።

በርሜሉና አፎቹ

ባዶው በርሜል ከ4 እስከ 5 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በአናቱ ላይ ሁለት አፎች፣ በመካከላቸው ሞላላ ክዳን፣ በክዳኑ ላይ ደግሞ ማስተንፈሻ ቫልቭ አለ። ከጋዙ አፍ ሥር ያለው ቱቦ አጭር ሲሆን፣ ከቢራው አፍ ሥር ያለው እስከ በርሜሉ ወለል ይወርዳል። ቱቦዎቹ በአፎቹ ላይ ከሚሰኩባቸው ማያያዣዎች በተለመደው አሠራር ግራጫው ለጋዝ፣ ጥቁሩ ለቢራ ነው። በብዙ በርሜሎች ላይ የጋዙ አፍ ከታች ባለው ስድስት ማዕዘን ላይ የተጫረ ምልክት ስላለው ይለያል፤ ማያያዣው በፒን በሚይዘው ዓይነት ላይ ደግሞ የጋዙ አፍ ሁለት፣ የቢራው አፍ ሦስት ፒን አለው። ማያያዣው በቀላል ግፊት አልገባ ካለ ቦታው እንዳልሆነ ይወቁት፤ በጉልበት የገባ ማያያዣ በጉልበትም አይወጣም።

በርሜሉን አየርና ጋዝ እንዳያሳልፍ የሚይዙት አምስት ጎሚኒዎች ናቸው፦ አንድ ትልቅ በክዳኑ ዙሪያ፣ ሁለት በአፎቹ ላይ፣ ሁለት ደግሞ በቱቦዎቹ አንገት ላይ። ለምግብ ዕቃ በተፈቀደ የሲሊኮን ቅባት በስሱ ይቀባሉ። ቫዝሊንና የመኪና ግሪስ ጎማውን ስለሚያበላሹ፣ የቢራውንም አረፋ ስለሚገድሉ አይሆኑም።

ከፍታው የሚያመጣው ልዩነት

በመጻሕፍትና በቪዲዮ የምናገኛቸው የግፊት ቁጥሮች በአብዛኛው ለባሕር ወለል የተሰሉ ናቸው። አንድ ሊትር ቢራ ሁለት ተኩል ሊትር ያህል ጋዝ እንዲያሟሟ ከተፈለገ፣ በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ሬጉሌተሩ 0.8 ባር ወይም በሌላው የግፊት መለኪያ 12 ፒኤስአይ ገደማ ላይ ይቆም ይባላል። ነገር ግን ጌጁ የሚያሳየው በበርሜሉ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ግፊት በምን ያህል እንደሚበልጥ ነው፤ ቢራው የሚያሟሟውን ጋዝ የሚወስነው ደግሞ ጠቅላላው ግፊት ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ የውጭው አየር ግፊት በደሴ ከባሕር ወለሉ በሩብ ባር ያህል፣ በኮምቦልቻ ደግሞ በ0.2 ባር ያህል ያንሳል። የጎደለው በሬጉሌተሩ መሟላት አለበት።

ስለዚህ ባሕር ወለል ላይ 12 ፒኤስአይ የሚባለው ቢራ በኮምቦልቻ 15፣ በደሴ 16 ፒኤስአይ ይፈልጋል፤ በባር ሲቆጠር 1 እና 1.1 ገደማ መሆኑ ነው። ለሌላ ቦታ ማስላት የሚፈልግ ሰው በየ600 ሜትሩ ከፍታ 1 ፒኤስአይ ቢጨምር ከእውነቱ ብዙም አይርቅም። ይህን ሳያውቅ የመጽሐፉን ቁጥር ደሴ ላይ እንዳለ የተጠቀመ ሰው ጋዙ የሳሳ ቢራ ይቀዳና ጥፋቱን በብቅሉ ወይም በእርሾው ላይ ይፈልጋል።

የግፊቱ መጨመር የቱቦውን ርዝመትም ይነካል። ቢራው ወደ ውጭ የሚገፋበት ኃይል ስለሚበረታ፣ ውስጡ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ የቢራ ቱቦ በባሕር ወለል 3 ሜትር የሚበቃው ከሆነ፣ ደሴ ላይ ከ3.5 እስከ 4 ሜትር ቢሆን ቢራው ረጋ ብሎ ይቀዳል። ቱቦው ቢረዝም የሚጎዳው የመቅጃ ፍጥነቱ ብቻ ነው፤ ቢያጥር ግን ብርጭቆው አረፋ ይሆናል። ለዚህ ነው ሲገዛ አስረዝሞ መግዛት፣ ከዚያም እያዩ ማሳጠር የሚሻለው።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። ደሴ ጠምቆ ኮምቦልቻ ለዘመድ ሠርግ በርሜል የሚያወርድ ሰው፣ በሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ ቢራው እየተናጠ እንደሚወርድ ሊያስብበት ይገባል። የከፍታው ልዩነት በጌጁ ላይ የሚያመጣው ለውጥ 1 ፒኤስአይ ገደማ ብቻ ነው። ዋናው ችግር የተናጠ ቢራ ጋዙን መልቀቁ፣ ከሥር የረጋው የእርሾ ዝቃጭም መቀስቀሱ ነው። እንዲህ ያለው በርሜል በደረሰበት ቀን አይቀዳም፤ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን በቅዝቃዜ ውስጥ ቆሞ ማረፍ አለበት።

ተተኪውን በርሜል ማዘጋጀት

የመጀመሪያው ጥያቄ አሁን የሚቀዳው በርሜል ምን ያህል ቀረው የሚለው ነው። ከሁሉ አስተማማኙ መንገድ ሚዛን ነው። የባዶውን ክብደት በማይጠፋ እስክሪብቶ በበርሜሉ ጎን ላይ ይጻፉ፤ ከጠቅላላው ክብደት ላይ ሲቀነስ የሚቀረው ኪሎ ከሊትሩ ጋር ተቀራራቢ ነው። በርሜሉን ማውጣት ካልተመቸ ትንሽ ሙቅ ውኃ በጎኑ ላይ አፍስሰው በእጅዎ ከላይ ወደ ታች ይዳስሱት፤ ብረቱ በድንገት የሚቀዘቅዝበት ቦታ የቢራው ልክ ነው። ከ4 ሊትር በታች መሆኑን ሲያዩ ተተኪውን ማዘጋጀት ይጀምሩ።

ተተኪው በርሜል ሲሞላ ቢራው ከአጭሩ የጋዝ ቱቦ ጫፍ በታች መቆም አለበት፤ ይህን ጥንቃቄ አሁን ካላደረጉ ችግሩ በኋላ በጋዝ መስመሩ ላይ ይመጣል። ከላይ የቀረውን አየር ለማስወጣት ጋዝ አስገብተው ማስተንፈሻውን እየሳቡ ደጋግመው ይልቀቁት። ከዚያ በኋላ በርሜሉ በፍሪጁ ቅዝቃዜ ላይ፣ በሚቀዳበት ግፊት ከ10 እስከ 14 ቀን ከጋዝ ጋር ተያይዞ ቢቆይ ጋዙን ልኩን ጠብቆ ይይዛል። ግፊቱን ከፍ አድርጎና በርሜሉን እየናጡ በአንድ ቀን ማድረስ ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክረውም፤ ከልኩ ያለፈ ጋዝ ለማስወጣት የሚፈጀው ጊዜ ተቆጠበ ከተባለው ቀን ይበልጣልና።

ፍሪጁ አንድ በርሜል ብቻ የሚይዝ ከሆነ ሁኔታው ይከብዳል። 19 ሊትር ቢራ ከክፍል ሙቀት እስከ 4 ዲግሪ ለመውረድ አንድ ቀን ያህል ይፈልጋል። በደሴ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርዱ ራሱ ይረዳል፦ በርሜሉ በረንዳ ላይ ካደረና በማለዳ ወደ ፍሪጅ ከገባ ሥራው በግማሽ ይቀላል። ኮምቦልቻ ላይ ግን በትልቅ ገንዳ ውስጥ በረዶና ውኃ ማድረግ የተሻለ ነው። እንግዳ የሚጠበቅበት ዕለት ከሆነ መቀየሩ በዋዜማው ይለቅ።

መብራት ጠፍቶ ከነበረ ቴርሞሜትሩን ሳያዩ ምንም አይንኩ። ከጋዝ መስመሩ ተለይቶ የተዘጋ በርሜል ከ4 ዲግሪ ወደ 12 ዲግሪ ሲሞቅ በውስጡ ያለው ግፊት ግማሽ ባር ገደማ ይጨምራል፤ ይህ ጭማሪ ቢራውን ወደ ጋዝ ቱቦው ለመመለስ ከበቂ በላይ ነው። መብራቱ ተመልሶ ቢራው እስኪቀዘቅዝ መታገሥ ይገባል።

የመቀየሩ ሂደት

ሥራው ሲጀመር በእጅ አጠገብ መኖር ያለባቸው ንጹሕ ጨርቅ፣ በመርጫ ጠርሙስ የተዘጋጀ ጀርም የሚገድል የማጽጃ ውኃ፣ የሳሙና አረፋ፣ አንድ ባልዲና ቢቻል በጋዝ ማያያዣ ላይ የተገጠመ ትንሽ ጌጅ ናቸው። ክፍሉ ጠባብ ከሆነ መስኮት ይከፈት። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድ ከታች ይጠራቀማል፤ ሽታ ስለሌለውም አይታወቅም።

በመጀመሪያ ወደሚያልቀው በርሜል የሚሄደውን የጋዝ ቫልቭ ይዝጉ። ሁለት በርሜሎች ከአንድ ሬጉሌተር የሚመገቡ ከሆነ የዚያኛውን አይንኩት። ቀጥሎ ግራጫውን ማያያዣ አንገቱን ወደ ላይ ስበው ያውጡት፤ ከዚያ ጥቁሩን። ሁለቱም ሲወጡ በራሳቸው ስለሚዘጉ ቢራ አይፈስም፤ ከአፉ ላይ የሚተፋውን ጥቂት ጠብታ በጨርቁ ይያዙት። ያለቀውን በርሜል ከፍሪጁ አውጥተው ወደ ጎን ያቁሙት፤ ክዳኑን ግን ገና አይክፈቱ።

ሁለተኛው ሥራ ቱቦውን ማጠብ ነው። ብዙ ሰው አዲሱ ቢራ ከቀደመው ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ ይህን ይዘለዋል። በ3.5 ሜትር ቱቦ ውስጥ የሚቀረው ቢራ ግን ከአንድ የቡና ሲኒ ብዙም አይበልጥም፤ ያን ለማዳን ተብሎ የእርሾና የባክቴሪያ ቅሪት ወደ አዲሱ በርሜል ቢራ እንዲሻገር መፍቀድ ተገቢ አይደለም። ጥቁሩን ማያያዣ በንጹሕ ውኃ ከተሞላ ትንሽ የእጅ ፓምፕ ዕቃ ጋር አገናኝተው የሚወጣው ውኃ ጥርት እስኪል ይልቀቁት። በየ14 ቀኑ ደግሞ የማጠቢያ ኬሚካል ያስፈልጋል፦ 2 በመቶ የሆነ የኮስቲክ ሶዳ ውኃ ለብ ብሎ በቱቦው ውስጥ 20 ደቂቃ ይቆይና በብዙ ውኃ ይለቅለቃል። ጓንትና መነጽር ግዴታ ነው፤ ሶዳው ወደ ውኃው ይጨመራል እንጂ ውኃው በሶዳው ላይ አይፈስም። ኮስቲክ ሶዳን በካርቦን ዳይኦክሳይድ መግፋት አይገባም፤ ጋዙ ከሶዳው ጋር ተዋህዶ ኃይሉን ያጠፋዋል፤ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ሲሆን ደግሞ ጋዙ ስለሚመጠጥ ዕቃውን ወደ ውስጥ የሚስብ ባዶነት ይፈጠራል። በረኪናም ስቴንለስ ብረትን ስለሚበላ ለበርሜሉም ሆነ ለቧንቧው ቋሚ ማጠቢያ አይሁን።

ሦስተኛውና ከሁሉ የላቀ ጥንቃቄ የሚጠይቀው አዲሱን በርሜል ከጋዝ መስመሩ ጋር ማስተካከል ነው። በርሜሉን ሳይንጡ ወደ ፍሪጁ አስገብተው ሁለቱንም አፎች ማጽጃ ውኃ ይርጩባቸው፤ ርጥበቱ ያጸዳል፣ ማያያዣውም በቀላሉ እንዲገባ ይረዳል። ጌጅ ካለዎት በጋዙ አፍ ላይ ሰክተው የበርሜሉን ግፊት ያንብቡ። ከሬጉሌተሩ የሚበልጥ ከሆነ ማስተንፈሻውን በአጭር በአጭሩ እየሳቡ ከሬጉሌተሩ በጥቂቱ ዝቅ እስኪል ያውርዱት። በአንድ ጊዜ ጎትተው ከያዙት ግን ቢራው ፈልቶ በማስተንፈሻው ይወጣል። ጌጅ ከሌለዎት ጆሮዎ ያግዝዎት፦ ማስተንፈሻው ሲሳብ የሚሰማው ፉጨት እየሳሳ ሲመጣ ይተዉት። ከዚያ ግራጫውን ማያያዣ አስገብተው ቫልቩን ቀስ ብለው ይክፈቱ፤ ጋዝ ወደ በርሜሉ ሲገባ ለጥቂት ሰኮንድ የሚሰማ ለስላሳ ድምፅ ይኖራል። ይህ ድምፅ ጋዙ በትክክለኛው አቅጣጫ እየሄደ መሆኑን ያሳያል።

ድምፁ ካልተሰማ፣ ግልጹ የጋዝ ቱቦ ውስጥ ደግሞ ቢራ ሲወጣ ከታየ ወዲያው ቫልቩን ዘግተው ማያያዣውን ያውጡ። ቱቦው ተፈቶ በለብታ ውኃ ይታጠባል፤ ፈጽሞ ሳይደርቅም ተመልሶ አይገጠምም። ቢራው ሬጉሌተሩ ድረስ ከደረሰ ሬጉሌተሩ ተፈትቶ እስኪጸዳ ድረስ አይሠራበትም፤ ውስጡ የደረቀ ስኳር የግፊቱን መቆጣጠሪያ ያጣብቀዋልና። በመስመሩ ላይ የአንድ አቅጣጫ ቫልቭ ቢኖርም በደረቀ ቢራ ሊነክስ ስለሚችል ግፊቱን ማስተካከልን አይተካም። ሁለት በርሜሎች በአንድ መስመር ላይ ሲሆኑ ያልተስተካከለው በርሜል ጋዙን ወደ ሌላው ይገፋል፤ አንደኛው ጠንካራ ሽታ ያለው ቢራ ከሆነ ሽታው አብሮ ይሄዳል።

ጋዙ ከተያያዘ በኋላ በክዳኑ ዙሪያና በአፎቹ ላይ የሳሙና አረፋ ይቀቡ። አረፋው እያበጠ ከሄደ ጋዝ እየወጣ ነው። ክዳኑ ከሆነ ወደ ላይ ሳብ አድርገው ያስተካክሉት፤ ግፊቱን ለአፍታ ወደ 2 ባር ከፍ አድርገው መልሰው ቢያወርዱት ጎሚኒው በቦታው ይቀመጣል። ከማያያዣው ከሆነ ደግሞ የአፉን ጎሚኒ መለወጥ ነው። ሳሙናው በውኃ ተጠርጎ ካበቃ በኋላ ጥቁሩን ማያያዣ ይጨምሩ፤ ከሥሩም ጠብታ መኖሩን ይመልከቱ። ማታ በዝግታ የሚንጠባጠብ ቢራ ጠዋት የፍሪጁን ወለል ሞልቶ ሊገኝ ይችላል።

የመጀመሪያው ብርጭቆና ከእሱ የሚነበበው

ቧንቧውን በግማሽ መክፈት አረፋ ያመጣል፤ ስለዚህ በአንድ እንቅስቃሴ ሙሉ በሙሉ ይክፈቱት፤ ብርጭቆውንም አጋድመው ይያዙ። የመጀመሪያው ግማሽ ብርጭቆ የቱቦውን ውኃና ከበርሜሉ ሥር የረጋውን እርሾ ይዞ ስለሚመጣ ወደ ባልዲ ይሂድ። ሁለተኛው ብርጭቆ ጥርት ብሎ፣ አናቱ ላይ ሁለት ጣት ያህል አረፋ ይዞ ከመጣ ሥራው አብቅቷል።

ካልሆነ ግን ምክንያቱን አረፋው ራሱ ይጠቁማል። የመጀመሪያው ብርጭቆ ብቻ አረፋ ሆኖ ቀጣዮቹ ከተስተካከሉ ቧንቧውና ከፍሪጁ ውጭ ያለው የቱቦ ክፍል ሞቆ ነበር ማለት ነው። ሁሉም ብርጭቆ አረፋ ከሆነ ግን ወይ ቢራው ከልኩ በላይ ጋዝ ይዟል፣ ወይ ቱቦው አጥሯል። ቱቦውን ሲያዩት ትናንሽ የጋዝ ፊኛዎች ከጥቁሩ ማያያዣ ጀምረው በተከታታይ የሚጓዙ ከሆነ፣ በቢራው አፍ ሥር ያለው የቱቦ ጎሚኒ ተቆርጦ ከላይ ያለው ጋዝ ከቢራው ጋር እየወጣ ነው፤ ይህን ለመጠገን በርሜሉን አስተንፍሶ አፉን መፍታት ያስፈልጋል። ከልኩ ያለፈ ጋዝ የያዘ ቢራ ደግሞ ከጋዝ ተለይቶ ማስተንፈሻው በየጥቂት ሰዓቱ እየተሳበ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይስተካከላል። ቢራው ጭራሽ ካልወረደ መጀመሪያ የጋዙ ቫልቭ መከፈቱን፣ ቀጥሎ ማያያዣዎቹ አለመቀያየራቸውን ይዩ፤ ሁለቱም ልክ ከሆኑ የሆፕስ ቅጠል በአፉ ውስጥ ያለውን ትንሽ ስፕሪንግ ደፍኖታል።

ባዶው በርሜልና ሲሊንደሩ

ባዶውን በርሜል በዚያው ቀን ማጠብ ካልቻሉ ግፊቱ እንዳለ ይተዉት፤ ውስጡ ያለው ጋዝ እርሾው እንዳይደርቅና አየር እንዳይገባ ይጠብቀዋል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች ይህ ብዙ ያቃልላል። የማጠቢያው ቀን ሲደርስ ማስተንፈሻውን ስበው ድምፁ ፈጽሞ እስኪጠፋ ይጠብቁ፤ ግፊት ያለበት ክዳን አይከፈትም። አፎቹ ብዙውን ጊዜ በ22 ቁልፍ ይፈታሉ። የጋዙና የቢራው አፍ ጥርስ ስለሚለያይ እንዳይቀያየሩ ለየብቻ ያስቀምጧቸው። ረጅሙ ቱቦ በቀጭን ብሩሽ ይፋቅ፤ በውስጡ የሚቀር ዝቃጭ ከበርሜሉ ወለል የበለጠ ጉዳት አለው። የወሎ ጠላ ጠማቂ እናቶች ጋኑን አጥበው በወይራ ጭስ ሳያጥኑ ጥንስስ አይጨምሩበትም፤ ለብረቱ በርሜል ጭስ ባይሆንም ያው ጥንቃቄ ይገባዋል፤ ከታጠበ በኋላ የማጽጃ ውኃ ሁሉንም ማዕዘን እስኪነካ ይንከባለል።

በመጨረሻም ሲሊንደሩ ይመዘናል። በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ጋዝ በአብዛኛው ፈሳሽ ስለሆነ ፈሳሹ እስኪያልቅ ድረስ ትልቁ ጌጅ ከቦታው አይነቃነቅም፤ 20 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ 57 ባር ገደማ፣ በፍሪጅ ውስጥ ደግሞ 38 ባር ገደማ ያሳያል። ቅዝቃዜ ያወረደውን ጌጅ አይቶ ጋዙ አለቀ ማለት ስሕተት ነው፤ ሙቀቱ ሳይለወጥ መውረድ ከጀመረ ግን በእርግጥ እያለቀ ነው። የባዶው ሲሊንደር ክብደት በአንገቱ ላይ ተቀርጾ ስለሚገኝ ከሚዛኑ ላይ ቀንሰው የቀረውን ይወቁ። አንድ በርሜል ቢራን ጋዝ ለማስያዝና እስከ መጨረሻው ገፍቶ ለማውጣት 200 ግራም ገደማ ይበቃል፤ በሲሊንደሩ ውስጥ ከግማሽ ኪሎ በታች ከቀረ ከበዓል በፊት ማስሞላት ይሻላል። ሲሊንደሩ ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ በሰንሰለት ታስሮ ይቁም፤ ከተጋደመ ፈሳሹ ወደ ሬጉሌተሩ ይገባል። የእሳት ማጥፊያ ሲሊንደርን በምትኩ መጠቀምም አይገባም፤ በውስጡ እስከ ታች የሚወርድ ቱቦ ስላለው ቆሞም ቢሆን ፈሳሹን ያወጣል።